የሳተላይት ራዲዮ ከጣሪያ ሥር ለምን ዝም ይላል?



ከዚህ ወጥታችሁ በየትምህርት ቤቱ ስትመደቡ በደብዳቤያችሁ ላይ ያልተጻፈ አንድ ሥራ ይጠብቃችኋል። ራዲዮው ሲዘጋ፣ ዲሹ ሲጣመም፣ ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ «መምህሩ ይጠራ» ይባላል። የሳይንስ መምህር ከሆናችሁማ አለቀ፤ በአንድ ጊዜ የአካባቢው ራዲዮ ሠሪ ሆናችሁ አረፋችሁት ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ጊዜ የሚያሳፍረው አለማወቅ አይደለም። የሚያሳፍረው ሳያውቁ መፍረድ ነው። ይኸንንም የምለው ከራሴ ተነሥቼ ነው።

በ1994 ዓ.ም. በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ባልደረባችን ከውጭ አገር ዘመዱ የላከለትን የሳተላይት ራዲዮ ይዞ መጣ። መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ አንቴና አለችው፤ መስኮቱ ላይ የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳይ ምልክት አለው፤ በጠቅላላው ሲያዩት የሚያምር ዕቃ ነው። እኔም የፊዚክስ መምህር ነኝና በኩራት ተቀብዬ በመምህራን ማረፊያው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። አንቴናውን ወደ በሩ አዞርኩት፤ ዝም። ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ዝም። ባትሪ ድንጋዩን ቀየርኩ፤ አሁንም ዝም። ሁለት ሦስት ጊዜም በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት፤ ራዲዮ ዱላ እንደማይወድ አስተምር የነበርኩት እኔው ነኝ። በመጨረሻ ባልደረቦቼ ሁሉ ባሉበት «ይኸ ነገር ተቃጥሏል» ብዬ ፈረድኩበት። ባለቤቱ አዝኖ ከነካርቶኑ ግምጃ ቤት ከተተው።

ከሁለት ወር በኋላ ግምጃ ቤቱ ሲጠረግ ዕቃው ሁሉ ወደ ደጅ ወጣ። ዘበኛው ጋሼ ራዲዮውን ከካርቶኑ አውጥተው ጆንያ ላይ አስቀመጡና አንዱን ቁልፍ ጫን ቢሉት ጥርት ባለ ድምፅ ዜና ማንበብ ጀመረ። እየሮጥኩ ሄድኩ። እኚህ አረጋዊ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «መምህር፣ ይኸ ዕቃኮ ሰማይ ካላየ አይናገርም» አሉኝ። ፊዚክስ አልተማሩም፤ ነገር ግን የዚህን ትምህርት ዋና ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። የሚቀረን ለምን እንደሆነ ማወቅ ነው።

ራዲዮ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

ቤተሰቦቻችን የሚያውቁት ራዲዮ በቤት ውስጥ፣ ከአልጋ ሥር እንኳ ቢሆን ይናገራል። ታዲያ ለምን ይኸኛው እምቢ አለ? ልዩነቱ የሚመጣው ከሞገዱ ርዝመት ነው። ርዝመቱን ለማግኘት 300ን ለጣቢያው ፍሪኩዌንሲ በሜጋኸርዝ ማካፈል ነው፤ መልሱ በሜትር ይወጣል። በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፍ ጣቢያ የሞገዱ ርዝመት በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ነው። የአጭር ሞገድ «አጭር» ቢባልም በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ነው። ኤፍ ኤም 3 ሜትር ያህል ነው። ያ ግምጃ ቤት የከተትነው የሳተላይት ራዲዮ ግን የሚሠራው ከ1467 እስከ 1492 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ስለነበረ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አሜሪካኖች በመኪና የሚያዳምጡት 2330 ሜጋኸርዝ ግድም ነው፤ ይኸ 13 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በየቤቱ ጣሪያ ላይ የምናየው ዲሽ የሚቀበለው ደግሞ 11 ሺህ ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ረጅም ሞገድ ኮረብታና ቤት ሲያጋጥመው ዙሪያውን ይታጠፋል። መካከለኛው ሞገድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ አጭሩ ከምድር በላይ ካለው በኤሌክትሪክ ከተሞላ የአየር ድርብ ጋር እየነጠረ አገር ያቋርጣል። ሞገዱ እያጠረ በሄደ ቁጥር ግን ጠባዩ ወደ ብርሃን እየቀረበ ይመጣል። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ካገኘው ነገር ኋላም ጥላ ይጥላል። የሳተላይት ራዲዮ አንቴና በጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ዝም ይላል። ነገሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀቱ ነው። እነዚህ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ ለመመለስ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሚጎድለው ርቀት ማለት ነው። በዚያ ከፍታ ያለ ሳተላይት ምድርን የሚዞርበት ጊዜና ምድር በራሷ ዛቢያ የምትዞርበት ጊዜ እኩል ስለሆነ፣ እኛ ስናየው ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ የቆመ ይመስላል። ሦስት እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ዓለምን በጠቅላላ ሊያዳርሱ እንደሚችሉ እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ሲ. ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945 ጽፎ ነበር። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ በአንድ አህጉር ላይ ተዘርቶ የሚደርሰን ሞገድ እጅግ ደካማ ነው። የኤፍ ኤም ጣቢያ ከከተማችን ዳር ሆኖ ስለሚጮህ ግድግዳ ቢቀንስበትም የሚተርፈው አለው። የሳተላይቱ ግን ገና ሲደርስ ትንሽ ነው፤ የሚቀነስበት ነገር የለውም።

ስለ አፍሪስታር ጥቂት

ያ ራዲዮ ያዳምጥ የነበረው አፍሪስታር የተባለውን ሳተላይት ነው። የዚህ ነገር ጠንሳሽ አዲስ አበባ የተወለደው ኖህ ሳማራ ነው፤ ዎርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 አቋቋመ። ሐሳቡ በአፍሪካና በእስያ ጋዜጣም ጥሩ ራዲዮም ለማይደርሰው ሕዝብ ጥራት ያለው ድምፅ በቀጥታ ከሰማይ ለማድረስ ነበር። አፍሪስታር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1998 ተወንጭፎ ከምድር ወገብ በላይ፣ በምሥራቅ 21 ዲግሪ ላይ ቆመ። በእስያ በኩል ያለው ወንድሙ እስያስታር በ2000 ተከተለ። መቀበያዎቹን ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ሠርተዋል።

ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልበቃም። መቀበያው በመምህር ደመወዝ የሚቀመስ አልነበረም፤ በኋላም የደንበኝነት ክፍያ መጣ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 የኪሣራ ማመልከቻ አስገባ፤ በ2009 መጨረሻም ለደንበኞቹ ማሠራጨቱን አቆመ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት ግምጃ ቤት እንዲህ ያለ ራዲዮ ብታገኙ ባትሪ አትጨርሱበት። ደጅ ብታወጡትም አይናገርም፤ የሚናገርለት የለም። ከፍታችሁ ለተማሪ ማሳየት ግን ይቻላል፤ አንቴናው ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል።

አፍሪስታርን ያነሣሁት ለትዝታ አይደለም። ያስቀመጥኩበትን ቦታ በቁጥር ለማስላት ስለሚመች ነው፤ ስሌቱም ዛሬ ላሉት ሳተላይቶች እንዳለ ያገለግላል።

መስኮቱ ለምን አልረዳኝም?

በአሜሪካ የሳተላይት ራዲዮ የሚሸጡ ሰዎች «አንቴናውን ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ላይ አድርጉት» ይላሉ። ለእነሱ እውነት ነው። ይኸንኑ ምክር ወደ እኛ አገር ብናመጣው ግን ያሳስተናል። ለምን እንደሆነ እንይ።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ቆማችሁ በምዕራብ 85 ዲግሪ ላይ ያለውን የአሜሪካ የራዲዮ ሳተላይት ቦታ ብትፈልጉ፣ ከሞላ ጎደል በደቡብ በኩል፣ ከአድማስ 44 ዲግሪ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። በምዕራብ 115 ዲግሪ ያለው ደግሞ ከአድማስ 30 ዲግሪ ብቻ ነው። ሞገዱ በሰያፍ ስለሚመጣ በመስኮት ይገባል። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከወገቡ 9 ዲግሪ ብቻ። ከዚህ ሆኖ አፍሪስታርን ለሚፈልግ ሰው ሳተላይቱ የነበረው በምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ባዘነበለ አቅጣጫ፣ ከአድማስ 67 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ይኸ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሞገዱ የሚመጣው ከመስኮቱ ሳይሆን ከጣሪያው በላይ ነው።

አሁን ታዛውን አስቡ። የመምህራን ማረፊያችን ጣሪያ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ያጠላል፤ ጫፉ ከመሬት 2 ሜትር ከ40 ነው። የ67 ዲግሪ ታንጀንት 2.36 ነው። 60ን በ2.36 ብናባዛ 141 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይኸም ማለት ከታዛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች 1 ሜትር ከ41 ያለው ግድግዳ በጥላ ውስጥ ነው። ከ2 ሜትር ከ40 ላይ ሲቀነስ 99 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። የመስኮታችን ደፍ ደግሞ ከወለሉ 1 ሜትር ነው! መስኮቱ ከላይ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ነበር። እኔ አንቴናውን በዚያ መስኮት በኩል ስደግን የዋልኩት ጨለማ ውስጥ ነው። ያው ቤት ዋሽንግተን ቢሆን ኖሮ፣ በ44 ዲግሪ፣ ጥላው 58 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ከመስኮቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ሞገዱን ያገኝ ነበር።

በቃል ብቻ ላስረዳ ለሚል ደግሞ ቀላሉ መንገድ ይኸ ነው፤ ቀትር ላይ፣ በ6 ሰዓት፣ ፀሐይ ወደ ክፍላችሁ በመስኮት ትገባለች? አትገባም። ጠዋትና ማታ ግን እስከ ጥቁር ሰሌዳው ትደርሳለች። የእኛ አገር ሳተላይት የቀትር ፀሐይ ነው።

በመስቀል ዕለት ሰማዩን ተመልከቱ

ከዚህ ላይ የማልተወው ነገር አለ። ሳተላይት በዓይን አይታይም፤ ሆኖም በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ራሷ በጣቷ ታሳየናለች። የመስቀል በዓል በሚውልበት መስከረም 17 ግድም፣ እንደገናም መጋቢት 7 ግድም፣ ፀሐይ ከአዲስ አበባ ስትታይ እነዚህ ሳተላይቶች በተሰለፉበት መሥመር ላይ ትሄዳለች። የአገራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት የሚጠቀምበት ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ነው። በመስቀል ሰሞን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ50 ግድም ፀሐይ የምትቆመው ልክ ከዚያ ሳተላይት በስተጀርባ ነው። በዚያው ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 ግድም ደግሞ የድሮው አፍሪስታር የነበረበትን ቦታ ታልፋለች። በመጋቢት ሰዓቱ ወደ 20 ደቂቃ ያህል ዘግየት ይላል። በሌላ ከተማ ያላችሁ ቀኑም ሰዓቱም ጥቂት ይለያይባችኋል።

ፀሐይ ራሷ የራዲዮ ሞገድ ስለምትረጭ በእነዚህ ቀናት ለጥቂት ደቂቃዎች የዲሹ ሥዕልና ድምፅ ሊቆራረጥ ይችላል። ሰው ዲሹ ተነቅንቋል ብሎ መፍቻ ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ደህናውን አጣሞ ይወርዳል። ጥቂት ቢታገሥ ራሱ ይመለስለት ነበር።

በዚያች ሰዓት ዲሹን ልትተክሉ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ ፀሐይ ካረፈች ሞገዱም ያርፋል። የዛፍ ወይም የጎረቤት ቤት ጥላ ከወደቀበት ቦታውን ለውጡ። ከዚህ የተሻለና ከዚህ የረከሰ መሣሪያ አላውቅም።

ቆርቆሮ፣ ሣርና ወንፊት

ጣሪያው ራሱ ሞገዱን ቢያሳልፍ ኖሮ ታዛው ባላስቸገረን። ቆርቆሮ ግን ብረት ነው፤ ይህን የመሰለውን ሞገድ ፈጽሞ አያሳልፍም፤ መልሶ ወደ ሰማይ ያነጥረዋል። ብረት ያለበት የሲሚንቶ ጣሪያም እንደዚሁ ነው። የብሎኬትና የጭቃ ግድግዳ አብዛኛውን ይበላዋል። የሣር ክዳን ደረቅ ሲሆን ብዙ አይከለክልም፤ ዝናብ ሲጠግብ ግን ውኃው ይውጠዋል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው በጋ ላይ ሠራልኝ ያለው ዕቃ ክረምት ላይ እምቢ የሚለው። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ያለው ዛፍም በውስጡ ውኃ ስላለ ያው ነው።

የቆላ ትምህርት ቤት የሚደርሳችሁ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ለትንኝ መከላከያ በመስኮት ላይ የሚወጠረው የሽቦ ወንፊት ለዓይን ክፍት ይመስላል፤ ነፋስም ያስገባል። ለ20 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ግን የተዘጋ ግድግዳ ነው፤ ቀዳዳው ከሞገዱ ርዝመት እጅግ ስለሚያንስ። ተማሪ «ነፋስ የሚገባበት ሞገድ እንዴት አይገባም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርምና መልሱን ከአሁኑ ያዙ። ወንፊት ብርሃንን የሚያሳልፈው የብርሃን ሞገድ ከወንፊቱ ቀዳዳ በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚያጥር ነው። ተራ መስተዋት ሞገዱን ያሳልፋል፤ ብረት ነክ ቀለም የተቀባ ወይም እንዲህ ያለ ላስቲክ የተለጠፈበት ግን ያዳክመዋል።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድነው? አንቴናው ይውጣ፤ ሰውና ራዲዮው ቤት ይቅሩ። አንቴናው ከመቀበያው የሚነቀል ከሆነ በኬብል አራዝሞ ከቆርቆሮው በላይ ማስቀመጥ ነው። ቆርቆሮው ከሥር ቢሆን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከላይ ሲሆን ነው። ኬብሉ ግን ራሱ ሞገድ ይበላል፤ ቀጭንና ረጅም በሆነ መጠን ይብሳል። ስለዚህ ሃምሳ ሜትር ጠቅልሎ ከመትከል አጭሩን መንገድ መፈለግ ይሻላል። መገጣጠሚያው ላይ ውኃ እንዳይገባ በፕላስተር ይጠቅለል። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ደግሞ ከመቀበያው ንቀሉት፤ በክረምት ይኸን የረሳ ሰው መቀበያውን ብቻ አይደለም የሚያጣው።

ኬብሉ አልበቃ ካለ እኔ የምመርጠው ሌላ ነው። ሞገዱን ወደ ክፍሉ ከማምጣት ድምፁን ማምጣት ይቀላል። መቀበያው ሰማይ በሚያይበት፣ ከዝናብ በተከለለ ቦታ ይቀመጥና የድምፁ ሽቦ ብቻ ወደ ክፍሉ ድምፅ ማጉያ ይዘርጋ። የድምፅ ሽቦ ርዝመት ያን ያህል አያስጨንቀውም።

በመኪና ውስጥስ?

አሁን ደግሞ ወደ መኪናው እንምጣ። እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። በመኪና የሚደመጥ የሳተላይት ራዲዮ የሰሜን አሜሪካ ነገር ነው። ኤክስ ኤም የተባለው እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሲሪየስ የተባለው በ2002 ሥራ ጀመሩ፤ በ2008 ተዋሕደው ሲሪየስ ኤክስ ኤም ሆኑ። ከአሜሪካ የመጡ አንዳንድ መኪኖች ጣሪያቸው ላይ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለ አንቴና፣ ራዲዮናቸው ላይም የሳተላይት ቁልፍ አላቸው። ባለመኪናው ቁልፉን ተጭኖ ድምፅ ሲያጣ ወደ ራዲዮ ሠሪ ይወስደዋል፤ ሠሪውም ፈትቶ ያስከፍለዋል። ምንም አልተበላሸም። ሳተላይቶቹ ፊታቸው ወደዚያ አገር ነው።

የሆነ ሆኖ አሠራሩ ለትምህርት ይሆናል። የጣሪያችን ዲሽ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሲኖረው የሚያየው የሰማይ ክፍል 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በጠባብ ቧንቧ እንደማየት ነው፤ ከዚያ ስንዝር ከወጣ አለቀ። መኪና ደግሞ ይታጠፋል፣ ዳገት ይወጣል፣ ጉድጓድ ያነጥረዋል። ስለዚህ የመኪናው አንቴና ሰማዩን በሙሉ እንዲያይ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሁሉን የሚያይ አንቴና ግን ከየአቅጣጫው ጥቂት ጥቂት ነው የሚይዘው። ይኸንን ጉድለት ለማካካስ ሳተላይቶቹ ብርቱ ሆነው ተሠሩ። ሞገዱም እንደ ቡለን ጥርስ እየተጠማዘዘ እንዲጓዝ ተደረገ፤ በዚህም ምክንያት መኪናው ቢዞርም ባይዞርም ለአንቴናው አንድ ነው።

ድልድይ ሥር ሲገባስ? ኤክስ ኤም አንዱን ፕሮግራም ከሁለት ሳተላይቶች ይልከዋል፤ አንደኛው ከሌላው 4 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ። መቀበያው ሁለቱንም ስለሚያጠራቅም የአንዱ ቢቋረጥ ከሌላው ይሞላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሰከንድ 67 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ከድልድዩ ሥር ሾፌሩ ሳያውቀው ያልፋል። ድልድዩ ሥር በቀይ መብራት ከቆመ ግን የተጠራቀመው ያልቅና ዝም ይላል። ረጅም ዋሻና የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤትም እንዲሁ። ሕንፃ ከጥግ እስከ ጥግ ሰማይ በሚሸፍንባቸው ትልልቅ ከተሞች ደግሞ ያንኑ ፕሮግራም ከመሬት የሚደግሙ አስተላላፊዎች ተተክለዋል። ሲሪየስ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2000 ሦስት ሳተላይቶችን የላከው ሞላላ በሆነ ምሕዋር ነበር፤ እየተፈራረቁ ወደ ሰሜን አሜሪካ አናት እንዲጠጉ። የቤቱን ችግር እንዴት እንደገለበጡት አያችሁ? እኛን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የጎዳን የሳተላይቱ አናት ላይ መሆን፣ መኪናን ከሕንፃና ከዛፍ ጥላ ያድነዋል።

በእጅ የሚገጠመውን አንቴና በተመለከተ ደግሞ ቦታው የጣሪያው መሐል ነው። ማግኔት ስላለው ራሱ ይይዛል፤ ከሥሩ ያለውም ብረት ይረዳዋል። ዕቃ መጫኛው ሥር፣ ወይም መኪናው ውስጥ መሪው አጠገብ ያደረገው ሰው ያው እኔ ቁም ሣጥን ላይ ያደረግሁትን ነው ያደረገው። አንዳንድ መቀበያ ድምፁን ወደ መኪናው ራዲዮ የሚያስተላልፈው በኤፍ ኤም ነው። በዚህ ጊዜ ሹክሹክታና ጩኸት ቢመጣ ጥፋቱ የሳተላይቱ አይደለም፤ የተመረጠው የኤፍ ኤም ቁጥር በሌላ ጣቢያ ተይዟል። የሳተላይቱ ድምፅ ዲጂታል ስለሆነ ወይ ይናገራል ወይ ይቋረጣል፤ እየሻከረ አይመጣም። ይኸን አንድ ምልክት የያዘ ሰው ግማሹን ብልሽት ቆሞ ይለየዋል።

ዛሬ በእጃችን ያለው

በእኛ አገር ዛሬ ከሳተላይት ራዲዮ ማዳመጥ ለሚፈልግ ትምህርት ቤት መንገዱ ዲሽ ነው። በሪሲቨሩ ከሚገቡት ጣቢያዎች መካከል ድምፅ ብቻ የሆኑ ብዙ አሉ፤ ሰው የሪሞቱን የራዲዮ ቁልፍ ስለማይነካ አያውቃቸውም። ጣቢያው አንዴ ከተመረጠ በኋላ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ይቻላል። ከሪሲቨሩ ጀርባ ካሉት የቀይና የነጭ ቀዳዳዎች ድምፁን አውጥቶ ወደ ማጉያ ማገናኘት ነው፤ ስድሳ ተማሪ የሚያዳምጠው የቋንቋ ትምህርት በዚያ ይሰጣል። ቴሌቪዥን ስለተሰበረ ብቻ ሪሲቨሩንም አብሮ የሚቆልፍ ርዕሰ መምህር ካጋጠማችሁ በትሕትና ንገሩት።

የዚህ ሳተላይት ከፍታ ከአዲስ አበባ 66 ዲግሪ፣ አቅጣጫው ምሥራቅ ሆኖ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። ሞገዱ አጭር ስለሆነ ኃይለኛ የክረምት ዝናብ ያቋርጠዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። ይኸም መፍቻ አያስፈልገውም።

የሚሠራ የእጅ ሥራ

ፕሮትራክተር፣ ያለቀ እስክርቢቶ ቀፎ፣ ክርና ጠጠር አዘጋጁ። ቀፎውን በፕሮትራክተሩ ቀጥ ባለው ጠርዝ ላይ ለጥፉ፤ ከመሐል ነጥቡ ላይ ክሩን አሥራችሁ ጠጠሩን አንጠልጥሉ። በቀፎው ውስጥ አግድም ስታዩ ክሩ 90 ላይ ይውላል። ወደ ላይ ስታቀኑ ክሩ ከ90 የራቀበት ቁጥር ከፍታው ነው፤ ለ66 ዲግሪ ክሩ 24 ወይም 156 ላይ ይውላል ማለት ነው። በዚህ ዛፍና ሕንፃ ለኩ እንጂ ፀሐይን በፍጹም አትዩበት፤ ዓይን ይጠፋል።

ጥያቄ፤ የማደሪያችን ታዛ 80 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፣ ጫፉ ከመሬት 2 ሜትር ከ60 ነው። መስኮቱ ከ1 ሜትር እስከ 2 ሜትር ከ10 ነው። የ66 ዲግሪ ታንጀንት 2.25 ቢሆን፣ በምሥራቅ በኩል ካለው መስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠ አንቴና ሳተላይቱን ያያል ወይስ አያይም? ሥዕሉን ከነስሌቱ ሠርታችሁ በዚሁ ሰሌዳ ግርጌ ባለው ፖስታ ውስጥ ክተቱ፤ ትክክለኛው መልስ በሚቀጥለው እትም ይለጠፋል።